83ኛው ሰውና የእኛ ጀመዓ



ባለፈው ሳምንት ከዒሻ ሰላት መልስ ዶርም ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ አጭር ቪዲዮ አሳየን። አንድ ጥቁር ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ፣ ከመስገጃ በምታንስ መንሸራተቻ ላይ በበረዶ ቦይ ውስጥ ቁልቁል ይወነጨፋል። «ጋናዊ ነው፤ ኦሎምፒክ ሄዶ የመጨረሻ ወጣ» አለን ወንድማችን። ሳቅን። ሌላው ቀበል አድርጎ «ምን ታስቃላችሁ፣ እኛም በበረዶ የተወዳደረ ሰው ነበረን» አለ። «ስንተኛ ወጣ?» ብለን ጠየቅን። «83ኛ» ሲለን ከበፊቱ ይበልጥ ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ከመካከላችን ሦስታችን የተቀመጥንበት አልጋ ባለቤት የለውም። ባለቤቱ አምና ከእኛ ጋር ነበር፤ ዘንድሮ የለም። እሱም በራሱ ውድድር ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ያ አልጋ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ በቅድሚያ ግን የሳቅንባቸውን ሰዎች በወጉ እንወቃቸው።

ቪዲዮው ላይ ያየነው ስፖርት ስኬሌተን ይባላል። ቦዩ እንደ ቦታው ከ1,200 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው የከፍታ ልዩነት 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ፊዚክስ የተማርን ሰዎች ስሌቱን እንሞክረው፦ ሁለት ጊዜ 9.8 ጊዜ 100 ብለን ስኩዌር ሩት ብናወጣ በሰከንድ 44 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 159 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሰበቃና አየር ስለሚቀንሱለት ሰውየው በተግባር የሚደርሰው ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንሸራተቻዋ ፍሬን የላትም፣ መሪም የላትም። የሚመራት በትከሻውና በጉልበቱ እየተጫነ ነው። አገጩና በረዶው መካከል ያለው ክፍተት በጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚለካ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለዩትም በመቶኛ ሰከንድ ነው።

ከአንዷ ደቂቃ ጀርባ ግን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አለ። ከኅዳር አንስቶ እስከ የካቲት አትሌቱ መንሸራተቻውን ተሸክሞ ከአገር አገር ይዞራል፤ ከጀርመን ወደ ኦስትሪያ፣ ከላትቪያ ወደ አሜሪካና ካናዳ። ስኬሌተን የሚካሄድባቸው ቦዮች በዓለም ላይ ተቆጥረው ሃያ አይሞሉም፤ አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም። ውድድሮቹም ደረጃ ደረጃ አላቸው። ከታች የአውሮፓ ዋንጫና የሰሜን አሜሪካ ዋንጫ፣ ከዚያ የአህጉራት ዋንጫ፣ ከላይ የዓለም ዋንጫ። በየውድድሩ የሚገኘው ነጥብ እየተጠራቀመ ነው አንድ ሰው ኦሎምፒክ መግባት አለመግባቱ የሚወሰነው። ትልቅ ፌዴሬሽን ያለው አትሌት አሠልጣኝ፣ ሐኪምና የመንሸራተቻ ባለሙያ ይከተሉታል። ፌዴሬሽን የሌለው የአውሮፕላን ቲኬቱንም፣ የሆቴሉንም፣ የመንሸራተቻውንም ወጪ ራሱ ይፈልጋል።

የሳቅንበት ሰው አክዋሲ ፍሪምፖንግ ይባላል። ጋና ተወልዶ በስምንት ዓመቱ ወደ ኔዘርላንድ የሄደ፣ ለዓመታት የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖረው ያደገ፣ በሩጫ ጀምሮ ወደ በረዶ የዞረ ሰው ነው። ልምምዱን ለመሸፈን ቤት ለቤት እየዞረ የምንጣፍ ማጽጃ ማሽን የሸጠበት ጊዜ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ፒዮንግቻንግ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ 30 ሰዎች ተወዳደሩ፤ 30ኛ ወጣ። በዚያው ኦሎምፒክ በሴቶች በኩል ለናይጄሪያ የተወዳደረችው ሲሚደሌ አዴያግቦ ከ20 ተወዳዳሪዎች 20ኛ ወጣች፤ በኦሎምፒክ ስኬሌተን የተወዳደረች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴትም እሷ ናት። ፍሪምፖንግ ለቀጣዩ ኦሎምፒክ አራት ዓመት ለፍቶ በ2014 ዓ.ም. ለማጣሪያው ወሳኝ የሆኑት የመጨረሻ ውድድሮች ሲቀሩት ኮቪድ ተገኘበት። ጉዞው እዚያው ቆመ። እኛ በሻይ ቤት ወሬ «የመጨረሻ ወጣ» ብለን በሁለት ቃል የዘጋነው ታሪክ ይህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሰው እንምጣ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያም ረጅም ርቀት በስኪ መሄድን ተማረ፤ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ቡድንም ተወዳደረ። ከዚያ ለኢትዮጵያ መወዳደር ፈለገ። ችግሩ ለኢትዮጵያ የሚወዳደርበት በር አለመኖሩ ነበር። በረዶ የለም፣ ቡድን የለም፣ የስኪ ፌዴሬሽንም የለም። ኦሎምፒክ ደግሞ ግለሰብን በግለሰብነቱ አይቀበልም፤ የሚልከው ተቋም መኖር አለበት። ስለዚህ ሮቤል በቅድሚያ ፌዴሬሽኑን አቋቋመ። በረዶ ባይኖርም ጎማ የተገጠመለት ስኪ እግሩ ላይ አስሮ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በመኪናና በአህያ መካከል ሁለት ዘንግ ይዞ ሲንሸራተት ያዩት ሰዎች ምን ብለው እንደሚሆን መገመት አያቅተንም፤ እኛም ዶርም ቁጭ ብለን ያንኑ አድርገናል።

የካቲት 1998 ዓ.ም. ጣሊያን ቱሪን በተከፈተው የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ባንዲራ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የያዘው ሮቤል ነበር፤ ከኋላው ሌላ አትሌት አልነበረም። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር መቶ ከማይሞሉ ተወዳዳሪዎች 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. ካናዳ ቫንኩቨር ድጋሚ ብቻውን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ 93ኛ ወጣ። ከዚያስ? በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄዱት የክረምት ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያ አልነበረችም። ሰውየው ሲያቆም ነገሩም አብሮት ቆመ። ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ሊያሳስበን ይገባ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን አትሌትም፣ አሠልጣኝም፣ ፌዴሬሽንም መሆን ለተወሰነ ጊዜ ይችል ይሆናል፤ ለዘለቄታው ግን አይችልም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። እነሆ አሁን ወደ አልጋው ተመለስን።

የአልጋው ባለቤት ከሐይቁ ማዶ ካለ ገጠር የመጣ ወንድም ነበር። እንደ አብዛኞቻችን ግማሽ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን በመድረሳ ያደገ ነው። ግማሽ ቁርኣን ሐፍዟል፤ ድምፁ ያማረ ስለነበር ዶርማችን ውስጥ ሱብሒ የሚያሰግደን እሱ ነበር። የተማረበት ትምህርት ቤት ግን ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ኮምፒዩተር የነካው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ በታች ሆነና ዋርኒንግ ወጣበት። ለማናችንም አልነገረም። ስንጠይቀው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይለን ነበር፤ እኛም አምነን አለፍን። በሁለተኛው ሴሚስተር ተባረረ። ይህንንም ያወቅነው አንድ ቀን ለሱብሒ ተነስተን ሶፍ ከያዝን በኋላ ነው። የሚያሰግደን ሰው አልነበረም። አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣው የለም። በመጀመሪያው መኪና ሄዷል።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። በዚያው ሕንፃ፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ አፕላይድ ማትስን እንደ ፋቲሓ የሚያውቁ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ወንድሞች ነበሩን። ከእነሱ ጋር በየጁሙዓው አብረን ሰግደናል፣ በረመዳን አብረን አፍጥረናል። ነገር ግን እርዳታ እንዲጠይቅ በሩን የከፈተለት አልነበረም። እሱ በጀመዓችን ውስጥ የሚሰማው ምን ነበር? በየመመረቂያው ፕሮግራም ላይ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ወንድሞችና እህቶች ስም ሲጠራ፣ ሜዳሊያና ዋንጫ ሲታይ፣ ተክቢራ ሲባል ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ አንጠላውም። የሚጨበጨበው ለአሸናፊ ብቻ በሆነበት ቤት ውስጥ ግን ዘግይቶ የሚሮጥ ሰው አፉን ከፍቶ «ደክሞኛል» አይልም። ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል።

ስኬሌተን ላይ የሙያው ሰዎች የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። መነሻው ላይ አትሌቱ ጎንበስ ብሎ መንሸራተቻውን እየገፋ በጥቂት ሰከንድ ይሮጥና ዘሎ ይተኛባታል። በዚያች ሩጫ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ የዘገየ ሰው መድረሻው ላይ ሲደርስ መዘግየቱ ወደ ሦስት ዐሥረኛ ይጠጋል ይላሉ። ያነሰ ፍጥነት ይዞ ስለገባ በየኩርባው ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ግቢም እንዲሁ ነው። ከከተማ የግል ትምህርት ቤት የመጣው ልጅና ቤተ ሙከራ ሳያይ የመጣው ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መምህር ፊት፣ አንድ ቀን ትምህርት ይጀምራሉ። ልዩነታቸው በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ነው። ሚድ ኤግዛም ላይ ይሰፋል፤ ፋይናል ላይ ገደል ይሆናል። ስለዚህ የሚረዳ ሰው መርዳት ያለበት መነሻው ላይ ነው። እኛ ግን መድረሻው ላይ ቆመን ሰዓት እናያለን።

ወንድማችን ከሄደ በኋላ በነበረው ጁሙዓ ከሰላት መልስ ወደ ጣና ዳር ወረድን። ከነገደ ወይጦ ወገኖቻችን አንድ አባት ታንኳ ይሠሩ ነበር። እነዚህ ወገኖች እስልምናቸውን እንኳ ሌላው ሲጠራጠርባቸው፣ ከማዕድ ሲያርቃቸው የኖሩ፣ ሐይቁን ግን ከማንም በላይ የሚያውቁ ናቸው። ሰላም ብለናቸው አጠገባቸው ተቀመጥን። ደንገሉን እያሰሩ እንዲህ ያለ ነገር አጫወቱን፦ ደንገል ይንሳፈፋል፣ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ከጉዞ ስትመለስ ወደ ዳር ተጎትታ ፀሐይ ላይ ካልቆመች እየከበደች ሄዳ ትበሰብሳለች። ታንኳዋን የሚያኖራት ዳሩ ነው ማለታቸው ነው። እኛም እርስ በርስ ተያየን። ያ ወንድማችን ስድስት ወር ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ዳር የሚያወጣው አላገኘም ነበር።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ በጀመዓችን ስብሰባ ላይም ተነስቷል። «ደካማን ማሞገስ ስንፍናን ማበረታታት ነው፤ ሙስሊም በሥራው ጎበዝ መሆን አለበት» ይባላል። ይህ ክርክር ሚዛን አለው፤ በኦሎምፒክም ተነስቶ ያውቃል። በ1980 ዓ.ም. ካናዳ ካልጋሪ ላይ ኤዲ ኤድዋርድስ የሚባል እንግሊዛዊ በስኪ ዝላይ የመጨረሻ ወጣና በዓለም ዝነኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ የኦሎምፒክ ባለሥልጣናት ደንቡን አጠበቁ፤ አንድ ሰው ለኦሎምፒክ ከመቅረቡ በፊት በዓለም አቀፍ ውድድሮች ብቃቱን ማሳየት አለበት አሉ። እኛም ደንቡ ልክ ነው እንላለን። ሳይዘጋጁ መቅረብ ለራስም ለአገርም ክብር አይሆንም። በመድረሳም የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ሥራን አሳምሮ መሥራት ከዲናችን ነው። ሮቤል ግን የመጣው ደንቡ ከጠበቀ በኋላ ነው። ለዓመታት ተለማምዶ፣ መስፈርቱን አሟልቶ፣ ሌሎችን ቀድሞ ነው 83ኛ የወጣው። ሰነፍ ሰውና ዘግይቶ የጀመረ ሰው የውጤት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ወንድማችን ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ላይብረሪ ያመሽ እንደነበር ያየነው እኛው ነን። የጎደለው ትጋት አልነበረም።

ስለ መሸነፍም ዲናችን ያስተማረን አለ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ዓድባእ በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ገጠሬ ዐረብ በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሶሓቦች ከፋቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን አልከፋቸውም፤ በዱንያ ከፍ ያለን ነገር ሁሉ መልሶ ዝቅ ማድረግ የአላህ ሥራ መሆኑን ነገሯቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ታሪክ ነው። ሁላችንም ልጆች ሆነን ሰምተነዋል። ከዚህ የምንረዳው የትኛውም አንደኛነት ዘላለማዊ አለመሆኑን ነው። ዛሬ ባለ ሜዳሊያ የሆነው ወንድም ነገ ሥራ ፈልጎ የሚያጣበት፣ ዛሬ ዋርኒንግ ያለበት ነገ የሚቀጥርበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማንም በማንም ላይ የሚስቅበት ምክንያት የለም።

በሙክታር እድሪስ እንኮራለን። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ደስ ብሎናል። መሐመድ አማን በ2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር ወርቅ ሲያመጣም እንዲሁ። ነገር ግን ከእነሱ ጀርባ የሩጫ ባህል፣ ክለብ፣ አሠልጣኝና ፌዴሬሽን ያላት አገር አለች። ወርቅ ያላት ጀመዓ እንድትኖረን ከፈለግን በቅድሚያ 83ኛውን ሰው ወደ ቤቱ የማትሸኝ ጀመዓ ትኑረን።

ስለዚህ ለጀመዓችን አመራርም ለራሳችንም አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ፍሬሽማን ወንድሞችና እህቶች ግቢ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዳቸው ከአንድ ከፍተኛ ዓመት ተማሪ ጋር ይመደቡ፤ ወንድም ከወንድም፣ እህት ከእህት። አቀባበል ሲባል ሻይና ዳቦ ብቻ አይሁን፤ የማትስና የፊዚክስ ደብተርም ይኑርበት። ይህ ከሚድ ኤግዛም በፊት ካልተደረገ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ «ውጤትህ እንዴት ነው?» ብለን «አልሐምዱሊላህ» ሲባል አንለፍ። አልሐምዱሊላህ በደስታም በችግርም የሚባል ቃል ነው። ቁጭ ብለን፣ ሰው በሌለበት፣ ምስጢሩን ጠብቀን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ፕሮግራም ላይ ከባለ ሜዳሊያዎቹ ጎን ከዋርኒንግ ተነስተው ለተመረቁ ሰዎች፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ቦታ ይሰጣቸው። ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት ይንገሩን። ለታናሾቻችን ከአራት ነጥብ ይልቅ የሚጠቅማቸው ያ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የተባረሩትን እንደ ሞተ ሰው አንርሳቸው። ብዙዎቹ ሪአድሚሽን ጠይቀው መመለስ ይችላሉ። ቀኑን የሚነግራቸው፣ ፎርሙን የሚሞላላቸው፣ ሲመለሱ የሚቀበላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው እኛ ካልሆንን ማን ሊሆን ነው?

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ለወንድማችን ስልክ ደወልን። ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ ነበር። በመጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ የደወልነው ለምን እንደሆነ ጠየቀን። አፉ በለን አልን። የሪአድሚሽኑን ነገር ነገርነው። «ልሞክረው ወይስ ሰው ይስቅብኛል?» አለን። ምን እንደምንመልስለት ለአፍታ ጠፋን፤ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት አልጋው ላይ ተቀምጠን የሳቅነው እኛ ነን። «አብረንህ እናጠናለን፤ ሱብሒ የሚያሰግደን ሰው የለንም» አልነው። ኢንሻአላህ አስብበታለሁ ብሎናል።

አልጋውን ለማንም አልሰጠንም። አላህ መንገዱን ያግራለት፤ ለእኛም ወንድም ከመሄዱ በፊት የሚያይ ዓይን ይስጠን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።